ሲጎድልብንም ሲተርፈንም አንድ ሚዛን

ከብዙ ዓመት የቤት ኪራይ በኋላ እኔና ባለቤቴ በጌታ ቸርነት ትንሽ ቤት መሥራት ጀመርን። ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ የሚያልቀው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ትዕግሥትም ያልቃል። የእኔ ያለቀው ገና ኮለን ላይ ሳለን ነው።

ለኮለኑ ባለ 12 ፌሮ አዘዝን፤ የመጣው ባለ 10 ነበር። መኪናው ሲያራግፍ ስልክ እያወራሁ ስለነበር ሳልለካ ፈረምሁ። በማግስቱ ፎርማኑ ለክቶት "ፓስተር፣ ይሄ አይሆንም" አለኝ። ልዩነቱ 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቤርጋ ባለ 12 ፌሮ 10.7 ኪሎ ያህል ሲመዝን ባለ 10ሩ 7.4 ገደማ ነው። ቤቱን ከሚሸከመው ብረት 30 በመቶ ያህሉ የለም ማለት ነው።

ወዲያው ሱቁ ደወልሁ። ስልኩን ያነሳው የመጋዘን ሠራተኛው ነበር። ያልሁትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ አንዱ ቃል ግን "ሌቦች" የሚል ነበር። ስልኩን ስዘጋ የቀን ሠራተኞቹ ሥራ አቁመው ያዩኛል። ከመካከላቸው አንዱ እሑድ እሑድ ስብከቴን የሚሰማ ወጣት ነው። ብረቱ ተቀየረልን፤ ቃሌ ግን አልተመለሰም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከዚያው ሱቅ ሲሚንቶ መጣ። የከፈልሁት ለ60 ከረጢት ነው። አሁን ተምሬ ነበርና ቆጠርሁ፤ 70 ሆነ። ደግሜ ቆጠርሁ፤ 70። ፎርማኑ ፈገግ ብሎ "ፓስተር፣ ዝም ይበሉ፤ ባለፈው የጎዱንን ጌታ እየካሰን ነው" አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ "አሜን" ለማለት ከጅሎ ነበር። በዚያ ሰሞን ሲሚንቶ ውድ ነበር፤ የእኛም እጅ አጥሮ ነበር።

ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲጎድልብኝ "ሌብነት" ያልሁትን ሲተርፈኝ "በረከት" ልለው ነው? ዘዳግም 25፥13–16 አንድ ሰው በከረጢቱ ትልቅና ትንሽ ሁለት መመዘኛ እንዳይዝ ያስጠነቅቃል። ይህን ክፍል ለነጋዴዎች ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ። ገዢም ሁለት ሚዛን ሊይዝ እንደሚችል ግን አላስተዋልሁም ነበር።

በጠዋት ሱቁ ሄድሁ። ለካ የጎደለው 10 ከረጢት ከዚያው የመጋዘን ሠራተኛ ደሞዝ ሊቆረጥ ተወስኖ ነበር። በእኔ ግቢ "በረከት" የተባለው የሌላ ቤት የልጆች ቀለብ ነበር። ሲሚንቶውን መለስሁ፤ ስለ ስድቤም ይቅርታ ጠየቅሁት። "ያን ቀን ሲደውሉ ፓስተር መሆንዎን አላወቅሁም ነበር" አለኝ። ለማዋረድ አልነበረም የተናገረው። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ይልቅ እርሱን አልረሳውም።

ወገኖቼ፣ "ክርስቲያን ነህና ዝም በል፣ ዋጠው" የሚሉ አሉ። በዚህ አልስማማም። ባለ 12 በሚያስፈልግበት ቦታ ባለ 10 ብረት መቀበል ትሕትና አይደለም፤ ከጣራው ሥር የሚተኙትን ቤተሰቦቻችንን አሳልፎ መስጠት ነው። ማቴዎስ 18፥15ም የተበደለ ሰው ዝም እንዲል አያስተምርም። ሄዶ፣ ከበደለው ሰው ጋር ብቻውን ሆኖ፣ ጥፋቱን እንዲነግረው ነው የሚያዝዘው። ክፍሉ ስለ ወንድም ቢናገርም መንገዱ ለሁሉም ይጠቅማል። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ገዢ የተረከበውን ዕቃ ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያሳውቅ ይጠብቅበታል።

ስለዚህ መኪናው ሳይሄድ ቁጠሩ፤ ለኩ፤ የታዘዘውን በጽሑፍ ያዙ፤ ደረሰኝ ጠይቁ። "አማኝ ነው" ብላችሁ ደረሰኝ አትተዉ፤ ደረሰኝ ወንድማማችነትን አያፈርስም፣ ይጠብቀዋል እንጂ። ስህተት ስታገኙ ስህተቱን በስሙ ጥሩት፤ ሰውየውን ግን ሌላ ስም አታውጡለት። የተሳሳተ ሁሉ ሌባ አይደለም። ሳልለካ የፈረምሁት እኔም ተሳስቼ ነበር፤ ማንም ግን ሌባ አላለኝም። ስህተቱ ለእናንተ ሲያደላም ያው ፍጥነታችሁ አይለያችሁ፤ ለመክሰስ የፈጠነ እግር ለመመለስም ይፍጠን።

ወንጌልን ገና በመመርመር ላይ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ጌታ የእኔን ጉድለት አውቆ፣ በስሙ ጠርቶ፣ እኔን ግን አልጣለኝም። የምንሰብከው ምሥራች ይህ ነው። ይህን የተቀበለ ሰው ለመጋዘን ሠራተኛ ሌላ ሚዛን ማውጣት የለበትም።

ቤታችን አሁን ጣራ ደርሷል። ያ ወጣት የቀን ሠራተኛ ሲሚንቶው ተጭኖ ሲመለስ አይቷል። ከስብከቴ ሁሉ እርሱን ያስታውስልኝ ዘንድ እጸልያለሁ።

ጌታ በመሠረቱም በሚዛኑም የታመንን ያድርገን። አሜን።