ዓሣው ከመግባቱ በፊት ውኃው ይመርመር

በወለጋ ከተሞች ገንዘቡን በዓሣ ኩሬ ላይ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብት ቦታ ሲመርጥ አስቀድሞ የሚያየው መንገዱንና የመሬቱን ኪራይ ነው። ዓሣው የሚያየው ግን ሌላ ነው።

ቆሮሶ በደንብ የሚያድገው የውኃው ሙቀት ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ነው። ከ20 በታች ሲወርድ እድገቱ ይጎተታል፤ መራባቱም ይቆማል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር፣ የፊንጫ ግድብ ሐይቅ ከ2,200 ሜትር ያልፋሉ። በዚህ ከፍታ ቆሮሶ ይኖራል፤ ለሽያጭ እስኪደርስ ግን ይዘገያል። የዐቢይ ጾም ገበያ ካመለጠ ትርፉ መኖና የባንክ ወለድ መክፈል ነው። በቡሬ መንገድ ወደ ኡኬና ወደ አንገር ሸለቆ ሲወረድ አየሩ ይሞቃል፤ ሒሳቡም ይለወጣል።

የመኖሪያ ተስማሚነት ሞዴል የሚባለው ይህንኑ ሒሳብ በካርታ ላይ ያሰፍራል። ሙቀት፣ የመሬት ተዳፋት፣ የአፈሩ ውኃ የመያዝ አቅም፣ የውኃ ምንጭና የገበያ ርቀት ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ ነጥቡ እንደየክብደቱ ተደምሮ ተስማሚው ቦታ ከማይሆነው ይለያል።

ካርታው ግን ብቻውን አያዋጣም። ሙቀት ዓሣን ቶሎ ያሳድጋል፤ የተያዘውንም ቶሎ ያበላሻል። በረዶና ማቀዝቀዣ መኪና ከሌለ ከነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቀው የአዲስ አበባ ገበያ አይታሰብም።

ስለዚህ ባንኮች ለዓሣ እርባታ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት ከመሬት ካርታው ጋር የአንድ ዓመት የውኃ ሙቀት መዝገብ ቢጠይቁ ተበዳሪውንም ራሳቸውንም ይጠቅማሉ። የቴርሞሜትር ዋጋ ከከሰረ ኩሬ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።