ለፊደሉ ቀላሉን፣ ለአባት ስም እውነቱን

 

የዘንድሮ ተመራቂዎች ወረቀት ማሰባሰብ ጀምረናል። ማስረጃዎቻችንን አልጋ ላይ ዘርግተን ስናያቸው የብዙዎቻችን ችግር ተመሳሳይ ሆኖ አግኝተነዋል። በ12ኛ ክፍል ውጤት ላይ ሙሐመድ የሆነው በቀበሌ መታወቂያው መሐመድ፣ በፋይዳው ደግሞ ሞሐመድ ነው። በማድረሳ ዐብዱልቃድር ተብሎ የቀራው ልጅ በመንግሥት ትምህርት ቤት መዝገብ ዐብዱ ሆኖ ቀርቷል። ፋጢማና ፋጡማ የአንዲት እህት ስሞች ናቸው።

እስካሁን “ያው እኔው ነኝ” እያልን አልፈነዋል። የሚያውቀን ሰው ፊት ይህ ያስኬዳል። ኮምፒዩተር ግን ሰውን አያውቅም፤ የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል ነው። ለእኛ ጆሮ ሀ እና ሐ አንድ ድምፅ ቢሆኑም ለእርሱ የተለያየ ቁጥር ያላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው። በላቲን ሲጻፍማ ሙሐመድ በኦ ይሁን በዩ፣ ኤሙ አንድ ይሁን ሁለት፣ የየጸሐፊው ምርጫ ነው። የእኛ ስሞች በዚህ ይበልጥ የሚቸገሩት ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ላቲን ሁለት ጊዜ ስለሚሻገሩ ነው። ባንክ፣ ቀጣሪና ፓስፖርት ፋይዳን እየጠየቁ በሄዱ ቁጥር ይህ ልዩነት በር ላይ ያስቆመናል።

ለስም መጠንቀቅ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሐዲስ ዐሊሞች በጽሑፍ ተመሳስለው በንባብ የሚለያዩ ስሞችን ብቻ የሚያጠና ዘርፍ አቋቁመው ነበር፤ አል-ሙእተሊፍ ወል-ሙኽተሊፍ ይባላል። ኢማም አድ-ዳረቁጥኒ በዚሁ ርዕስ ኪታብ ጽፈዋል። አንዱ ራዊ ከሌላው ጋር ከተምታታ ሰነዱ ይበላሻልና ነው።

ታዲያ ወረቀቶቻችንን ስናስተካክል ወደየትኛው እናስተካክል? እዚህ ላይ ሁለት ጉዳዮች ተቀላቅለው እናያለን፤ በእኛ እምነት መለየት አለባቸው።

የመጀመሪያው የራስ ስም አጻጻፍ ነው። አንዳንድ ወንድሞች ሁሉንም ወረቀት ወደ ትክክለኛው የዐረብኛ አነባበብ መመለስ አለብን ይላሉ። ሐሳባቸው መልካም ነው፤ ግን አንስማማም። መሐመድ ተብሎ ስለተጻፈ ከዲናችን የሚጎድል ነገር የለም። ለፊደል ጉዳይ ቀላሉ መንገድ ይበቃል፦ ለመለወጥ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን ማስረጃ፣ ብዙ ጊዜ የ12ኛ ክፍሉን ውጤት፣ መሠረት አድርጎ ሌሎቹን ወደ እርሱ ማምጣት። የራስን ስም መለወጥ ራሱ በዲናችን የተከለከለ አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዓሲያ የተባለችውን ሴት ጀሚላ ብለው ሰይመዋታል።

ሁለተኛው የአባት ስም ነው፤ ከፊደሉ ይልቅ የሚያሳስበን ይህ ነው። ከመካከላችን ከገጠር መጥተው ከተማ ያለ አጎት ዘንድ ያደጉ አሉ። አጎት ወይም የእናት ባል ትምህርት ቤት ወስዶ ሲያስመዘግባቸው በራሱ ስም ጽፏቸዋል። ዛሬ ከሰርተፍኬት እስከ ፋይዳ ሁሉም ወረቀት ገጥሟል፤ የገጠመው ግን አባት ባልሆነ ሰው ስም ነው። “ወረቀቱ ከገጠመ ምን ቸገረን?” የሚለው ምክር የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው።

ሱረቱል አሕዛብ 5ኛው አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ ያዛል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደጉት ዘይድ፣ ዘይድ ኢብኑ ሙሐመድ ሲባል ከርሞ፣ ከዚያ በኋላ ዘይድ ኢብኑ ሓሪሳ ወደሚለው ተመልሷል። ከዚያ የሚበልጥ አሳዳጊ ያለው ሰው ከመካከላችን ማን ነው? ያው አንቀጽ በስህተት በሆነው ነገር እንደማንጠየቅ፣ አውቀን በምናደርገው ግን እንደምንጠየቅ ይነግረናል። የሰባት ዓመት ልጅ ሆነን በተጻፈብን ስም ጥፋት የለብንም። ዛሬ ግን ልጆች አይደለንም።

“አጎቴ ይከፋዋል” የሚለውን ጭንቀት እናውቀዋለን። የአሳዳጊ ውለታ በኺድማ፣ በዱዓ፣ እጃችን ላይ ባለው ገንዘብ ይከፈላል፤ በነሰብ ግን አይከፈልም። ቀድሞ ቁጭ ብሎ ማስረዳት፣ በሰፈር ሽማግሌ ወይም በሸይኽ ማነጋገር የእኛ ፈንታ ነው። ነገሩ ደግሞ በእኛ አያበቃም፤ በአገራችን አጠራር የእኛ የአባት ስም ነገ የልጃችን የአያት ስም ነው። በሚራስና በኒካሕ ጊዜ ማን የማን እንደሆነ የሚጠየቀውም በዚሁ ነው።

መንገዱ አለ። የአጻጻፍ ስህተት መጀመሪያ የሚቀርበው ወረቀቱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ነው። ስም መለወጥ ግን በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በፍርድ ቤት የሚወሰን ነው፤ በቂ ምክንያት፣ ማስረጃና የሚያውቁን ምስክሮች ያስፈልጋሉ። ውሳኔው ሲገኝ በማኅተም የተረጋገጠ ግልባጭ በርከት አድርጎ ማውጣት፣ ከዚያ ከልደት ምስክር ወረቀት ጀምሮ ፋይዳን፣ ሬጅስትራርንና ባንክን ማዳረስ ነው። “በሦስት ቀን እጨርስልሃለሁ” የሚል ደላላ ጋ ግን አንሂድ። በውሸት ምስክር የተስተካከለ ስም ሸሀደተ ዙር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

ጀመዓችን በየሴሚስተሩ አንድ ቀን ለዚህ ጉዳይ ቢመድብ፣ የሕግ ተማሪ ወንድሞችና እህቶችም ማመልከቻ በመጻፍ ቢያግዙ ብዙ ሰው ይጠቀማል። እስከዚያው ግን ዲግሪው ሳይታተም፣ አባታችንን የሚያውቁት የሰፈር አዛውንቶችም በሕይወት እያሉ እንጀምር። አላህ ያግራልን።