ባቡር የተወው መንገድ

የምድር ባቡር የጎጃምን መሬት ረግጦ አያውቅም። በመንግሥት የሐዲድ ዕቅድ ከፍኖተ ሰላም በባሕር ዳር በኩል ወደ ወልድያ የሚሄድ መስመር ተጠቅሶ ነበር፤ ዳሩ ግን ከወረቀት አልወረደም። ታዲያ ሐዲድ ያላየ አገር ስላረጀ ሐዲድ ምን ቸገረው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገሩ የቤተ ሰብ ነገር ስለ ሆነ በዚህ ገጽ ልንጽፈው ወደድን።

ባቡር ዳገት አይወድም። መሐንዲሶችም ጕብታውን እየቈረጡ፥ ጐድጓዳውንም እየሞሉ መንገዱን ቀስ ብሎ እንዲወጣና እንዲወርድ ያደርጉታል። ስለዚህ ባቡሩ ቀርቶ ሐዲዱ ሲነሣ የሚተርፈው መደብ ለሽማግሌ ጕልበት፥ ለነፍሰ ጡር፥ ቢስክሌት ለሚለማመድም ልጅ የተመቸ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የፓሪስ ሰዎች በ1993፥ የኒውዮርክ ሰዎች ደግሞ በ2009 ከመንገድ በላይ ከፍ ብሎ ያልፍ የነበረውን አሮጌ መስመር አትክልት ተክለውበት ለእግረኛ ከፈቱት። በኒውዮርኩ ላይ ቢስክሌት መንዳት ክልክል ነው፤ በአትላንታ ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

እኛን ይልቁን ደስ ያሰኘን ሕጉ ነው። አሜሪካኖች በ1983 ባወጡት ሕግ፥ ባቡር የተወው መስመር ለአዋሳኝ ባለመሬቶች እንዳይከፋፈል፥ ባቡሩ ዳግመኛ እስኪያስፈልግ ድረስ ለእግረኛና ለቢስክሌት ተጠብቆ እንዲቆይ ፈቀዱ። የመሬት ክርክር መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ምክንያቱን አያጣውም፤ ረጅምና ጠባብ መሬት በአንድ ስፍራ አጥር ከገባበት በኋላ እንደ ገና ለማያያዝ የሚነሣው ሙግት ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ፥ በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር ተተክቷል፤ አዲሱም የተዘረጋው በራሱ መደብ ነው። አሮጌው መስመር በአዳማና በድሬዳዋ ከተሞች ውስጥ ያልፋል። ባቡር በማይሄድበት ክፍል መደቡ ሳይቈራረስ ለእግረኛ ቢጠበቅ መልካም ይመስለናል።

በእኛስ አገር? ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር፥ በገበያ ቀን እናት ልጅዋን አዝላ፥ አህያዋንም እየነዳች ከጭነት መኪና ጋር ትጋፋለች። ሐዲድ ባይኖረንም ከአስፋልቱ በፊት የነበሩ፥ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ ገበያ የሚወስዱ የእግር መንገዶች አሉን፤ ከተማው ሲሰፋና ቦታው ለቤት መሥሪያ ሲመራ የሚዘጉትም እነርሱ ናቸው። ሹማምንቶቻችን በፕላኑ ላይ ሳይቈርጡ ቢያስቀሯቸው ወጪው ከቀለም ብዙ አይበልጥም። ቀያሹም ችካል ከመትከሉ በፊት፥ ሴቶቹ ወደ ውኃ፥ ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት በየት በኩል እንደሚሄዱ የሰፈሩን ሰዎች ይጠይቅ።