ውሃ በአዲስ አበባ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ተማሪ የሆነ አንባቢ ይህን ርእስ እንዳየ «በ100 ነዋ!» ብሎ ገጹን ሊገለብጥ ይችላል። ጥቂት ይታገሠኝ። ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ወደ መርካቶ በሚወስደው መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው እናት ማንቆርቆሪያ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢነከርበት፥ ውሃው እየተንተከተከ ሳለ የሚነበበው 92 ገደማ ነው። እሳቱን ብታበረታው ውሃው ቶሎ እየተነነ ያልቃል እንጂ 100 አይደርስም።

እኔ ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያወቅሁበትም መንገድ የሚያኮራ አይደለም። ሁለተኛ ደረጃ በተማርሁበት ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረን፤ ዳሩ ግን ቁልፉ ዘወትር የሚቀመጠው ከማይገኝ ሰው ዘንድ ነበር። አስተማሪያችን ደግ ሰው ስለ ነበሩ የሙከራውን «ውጤት» በጥቁር ሰሌዳ ጻፉልን፤ እኛም ገለበጥን። «ውሃውን አፈላን፤ ቴርሞሜትሩን ነከርን፤ 100 ዲግሪ ሲያሳይ ተመለከትን» ብዬ በሰማያዊ ቀለም አሳምሬ ጽፌ ከ10 10 አገኘሁ። ውሃ አላፈላሁም፤ ቴርሞሜትርም በዓይኔ አላየሁም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ግን እውነተኛው ቴርሞሜትር እጄ ገባ። ውሃው ፈላ፤ መስመሩ ከ92 ላይ ቆመ፤ አልንቀሳቀስም አለ። እጄን አውጥቼ ዕቃው ተበላሽቷል አልሁ። ሌላ ተሰጠኝ፤ እሱም 92 አለ። ሦስተኛ ስጠይቅ የቤተ ሙከራው ረዳት፥ «ልጄ፥ እነዚህ ሁለቱ ተማክረው አልዋሹህም» አሉኝ። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሆኖም ከራሴ ዓይን ይልቅ ያንን የሰሌዳ ጽሑፍ ማመኔ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ከሚጫነው አየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። መጽሐፉ 100 የሚለው በባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል ወደ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የሚጫናት አየር የሳሳ ነው። በግምት 300 ሜትር በወጣን ቁጥር መፍያው አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። በራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ወደ 85 ይወርዳል፤ ከባሕር ጠለል በታች በሆነው በዳሎል ደግሞ ከ100 ጥቂት ያልፋል። ከአንድ ድንበር ሳይወጡ ይህን ሁሉ መለካት የሚቻልበት አገር ጥቂት ነው። እናቶቻችንማ ነገሩን ያለ ቴርሞሜትር ያውቁታል፤ ሽምብራና ባቄላ በደጋ እንደሚያስቸግር፥ በቆላ ግን ቶሎ እንደሚበስል ይናገራሉ። እኛ የተማርነው ነን 100 ብለን የጻፍነው።

«ስምንት ዲግሪ ምን ያህል ነገር ነው?» የሚል ይኖራል። ለሻይ ምንም አይደለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ልማዱ ነው። ያልለካውን ቁጥር ጽፎ ሙሉ ማርክ ያገኘ ልጅ ዐሥር ዓመት ቆይቶ በአንድ መሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ይቀመጣል። የበላዩ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይጠይቀዋል። ዕቅዱ 100 ይላል፤ ሥራው ሲታይ 92 ነው። ይህ ልጅ ምን ብሎ እንደሚጽፍ እናንተም ታውቃላችሁ፥ ወጣት ባለሥልጣኖች፤ እኔም ሥራ ከጀመርሁ ወዲህ አንድ ሁለት ጊዜ እጄን ይዤዋለሁ። በትምህርት ቤት ቴርሞሜትሩን ያላመነ፥ በቢሮ ደግሞ መዝገቡን ሊያምን አይችልም።

ስለዚህ ባለፉት ሳምንታት በሰፈሬ በተክለ ሃይማኖት ጥቂት የዐሥረኛ ክፍል ልጆች ሰብስቤ አንድ ሙከራ አደረግን። መሣሪያውን የገዛነው እዚያው መርካቶ ነው። ከምናለሽ ተራ አሮጌ ትልቅ ዳዶ አገኘን፤ ወርዱ ሦስት ሳንቲሜትር ነው። ከልብስ ሰፊ የማይለጠጥ ክርና ሜትር ተዋስን፤ ሰኮንድ የሚቆጥረው ስልክ የልጆቹ ነው። ዳዶውን በክሩ አስረን ከበር መቃን ላይ ከተመታ ምስማር አንጠለጠልነውና ፔንዱለም ሆነ። ከአራት ጣት የበለጠ ወደ ጎን አልሳብነውም፤ ብዙ ከሳቡት ሒሳቡ ይዛባልና። መቶ ምልልስ ቆጠርን። ሦስት ጊዜ ደጋግመን 201.2፥ 200.8 እና 201.0 ሰኮንድ መጣ፤ አማካዩ 201.0 ነው። የክሩን ርዝመትና ይህን ጊዜ ይዞ የመሬትን ስበት ማስላት ከክፍላቸው መጽሐፍ የሚገኝ ሒሳብ ነው።

መልሱ 9.63 ሆነ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንደኛው ልጅ እርሳሱን አንሥቶ፥ «ጋሼ፥ 9.8 ብለን እንጻፈው?» አለኝ። ዐሥር ዓመት ወደ ኋላ ራሴን አየሁት።

እዚህ ላይ ነው የዣን ሪሼርን ታሪክ የነገርኋቸው። ይህ ፈረንሳዊ የከዋክብት ተመልካች በ1672 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ከምድር ወገብ አጠገብ ወዳለችው ወደ ካየን ተልኮ ነበር። በፓሪስ በትክክል ትሄድ የነበረችው የፔንዱለም ሰዓቱ እዚያ በየቀኑ ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ ትቀርበት ጀመር። ሰዓቲቱን ለማስተካከል ፔንዱለሟን ከሦስት ሚሊሜትር ባነሰ ልክ ማሳጠር ግድ ሆነበት። ሰውየው ግን ቁጥሩን ለፓሪስ አላስማማውም፤ ያየውን ጻፈ። ሙቀቱ ብረቱን አስረዝሞት ነው ያሉ ሊቃውንት ነበሩ። ኒውተን ግን በ1687 ባሳተመው መጽሐፉ ያንኑ ልዩነት፥ መሬት በወገቧ የተነፋች፥ በዋልታዎቿ የተጨፈለቀች ለመሆኗ እንደ ማስረጃ ቆጠረው። የአንዲት ሰዓት መዘግየት የምድርን ቅርጽ ነገረን ማለት ነው። ሪሼር ቁጥሩን አርሞት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ በቀረ።

ልጆቹም እርሳሱን አስቀምጠው ጥፋቱን ፍለጋ ገቡ። ቆጠራው ትክክል ነበር። ሰዓቱም ትክክል ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተከራከርን በኋላ ሁላችንም ያላየነውን ያየችው ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ልጅ ናት፦ ክሩን የለካነው ከምስማሩ እስከ ቋጠሮው፥ ማለት እስከ ዳዶው አናት ድረስ ነበር፤ 98.5 ሳንቲሜትር። የሚወዛወዘው ግን ዳዶው ስለ ሆነ ልኬቱ እስከ ዳዶው መካከል መድረስ አለበት። አንድ ሳንቲሜትር ተኩል ሲጨመር 100 ሆነ፤ ስበቱም 9.77።

ይህ ከ9.8 ጥቂት ያንሳል፤ እውነቱም እንደዚሁ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከፍታ ያላት ከተማ ስለ ሆነች ስበቷ በአውሮፓ ከሚለካው 9.81 አነስ ይላል። እንዳልዋሽ ልጨምር፦ በክሩ ላይ 1 ሚሊሜትር ብንሳሳት መልሱ በ0.01 ይናወጣል፤ በሰዓቱ ቁልፍ ላይ የእጃችን መዘግየትም አለ። ስለዚህ ልጆቹ «9.77፤ ምናልባት ሁለት መቶኛ ከፍ ወይም ዝቅ» ብለው ጻፉ። ከሁሉም የወደድሁት ይህችን «ምናልባት» ነው።

መሣሪያ የለንም የሚለውን ስሞታ እኔም እጋራዋለሁ፤ መንግሥት ለቤተ ሙከራ የሚገባውን ገንዘብ መመደብ አለበት፤ ዳዶና ክርም የኤሌክትሪክ መለኪያን አይተኩም። የሆነ ሆኖ ዕቃው እስኪመጣ ብሎ መቀመጥ ሌላ ነገር ነው። ከተበላሸ ራዲዮ የመዳብ ሽቦ፥ ከድምፅ ማጉያው ማግኔት ይወጣል። መርፌን በማግኔት አሽቶ በገለባ ላይ በውሃ ማንሳፈፍ፥ ከዚያም በባትሪ ድንጋይ የተያያዘ ሽቦ ማስጠጋት፥ ኧርስተድ በ1820 ያየውን በቡና ሲኒ ማየት ነው። ሽቦው ቶሎ ስለሚግል ከጥቂት ሰኮንድ በላይ አያይዙት። ደግሞ የትኩሳት መለኪያውን ከቤት ሰርቃችሁ የፈላ ውሃ ውስጥ እንዳትነክሩ፤ እሱ ከ42 በላይ አያነብም፤ ይሰበራል።

ፈተናው በወረቀት ነው፥ ማን ሙከራ ይጠይቃል የሚሉኝም ተማሪዎች አሉ። እውነት ነው፤ የመልቀቂያው ፈተና ዳዶ አያንጠለጥልም። ይህ ግን የፈተናው ጉድለት ነው። አስተማሪዎችን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ 92 ብሎ ለጻፈው ልጅ ማርኩን ስጡት፤ 100 ብሎ የጻፈውንም «ቴርሞሜትርህን አሳየኝ» በሉት።

የእኛ ልጆች በሚመጣው እሑድ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ይዘው እንጦጦ ሊወጡ ተዘጋጅተዋል። መቶ ዲግሪ የሚያነበውን ቴርሞሜትር በውሰት አግኝቼላቸዋለሁ። እኔ 90 ይሆናል ብዬ ገመትሁ፤ ታናሺቱ ግን ግምቴን በደብተሯ ለመጻፍ እንቢ ብላለች፤ መጀመሪያ ይፍላ አለች።