ስለ ቤተ ሰብ ጤና፦ ጉበት በምን ይቈረጣል?

ዱለት ያዘጋጀች የቤት እመቤት ሁሉ የጉበትን ጠባይ ታውቀዋለች። ጉበት በጣት ሲጫኑት ይፈርሳል፤ በውስጡ ያሉት ሥሮች ግን ሳይበጠሱ በእጅ ላይ ይቀራሉ። ይህ በወጥ ቤት የሚታየው ነገር በታላላቅ ሆስፒታሎች የጉበት ኦፐራሲዮን ለሚሠሩ ሐኪሞችም የጥበባቸው መሠረት ነው። ስለዚህ ነገር እንድንጽፍ ያነሣሣን፥ ዘመዳቸው በጉበቱ ላይ ዕጢ ተገኝቶበት ተቈርጦ ይውጣ የተባለባቸው ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው ስለ መሣሪያው ስም ሲጨነቁ፥ አዲስ ነው ስለ ተባለው መሣሪያም ቤታቸውን እስከ መሸጥ ሲያስቡ ማየታችን ነው።

በመጀመሪያ የሥራውን አስቸጋሪነት እናስረዳ። የአዋቂ ሰው ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ልብ ከሚረጨው ደም ከአራት አንዱ እጅ የሚያህለው በእርሱ ውስጥ ያልፋል። ደሙም የሚገባው በሁለት በር ነው፤ አንደኛው ከልብ የሚመጣው ሥር ሲሆን፥ ሁለተኛው ከአንጀት የሚመጣው ትልቁ ሥር ነው፤ ከሚገባውም ደም ከአራት ሦስቱን እጅ የሚያመጣው ይህ ሁለተኛው ነው። ከእነዚህም ጋር የሐሞት ቧንቧዎች ተጠላልፈው ይገኛሉ። እንግዲህ በቢላዋ ብቻ ቢቈረጥ ደም ይጐርፋል፥ ሐሞትም ወደ ሆድ ይፈስሳል። ዳሩ ግን ጉበት ሌላ ብልት የሌለው ጸጋ ተሰጥቶታል፤ ጤነኛ ከሆነ ሲሶው ያህል ብቻ ቢቀር እንኳ የቀረው አድጎ የጐደለውን ይተካል።

ለዚህ ሥራ መንገድ የከፈቱት ሰዎች ብዙ ደክመዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ካርል ላንገንቡኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ከአንዲት ሴት ጉበት ዕጢ ቈርጦ ማውጣቱን አስታወቀ፤ ከኦፐራሲዮኑም በኋላ ደም ስለ ፈሰሳት ሆዷን ዳግመኛ መክፈት ግድ ሆኖበት ነበር። በ1908 የግላስጎው ሐኪም ሆጋርት ፕሪንግል፥ ወደ ጉበት የሚገቡትን ሥሮች በጣት ጨብጦ ደሙን ለጊዜው ማቆም እንደሚቻል ጻፈ። በ1957ም ፈረንሳዊው ክሎድ ኩዊኖ ጉበት እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሥር ያላቸው 8 ክፍሎች እንዳሉት ገለጸ። ከዚህም የተነሣ ሐኪም በዘፈቀደ መቍረጡን ትቶ ድንበር ለይቶ የሚሠራ ሆነ።

ሥጋውን ስለ መለየት ግን ዘዴው ልዩ ልዩ ነው። የሃኖዩ ቶን ታት ቱንግና የታይዋኑ ሊን ቲየን ዩ ጉበትን በጣታቸው እያፈረሱ፥ የቀሩትን ሥሮች በክር እያሰሩ ይቈርጡ ነበር። በኋላም በጣት ፈንታ ኬሊ የሚባለው ቀጭን መቈንጠጫ ገባ፤ እርሱም ሥጋውን ጨፍልቆ ሥሩን ያስቀራል። ሌላው ጆሮ ሊሰማው በማይችል ድምፅ በሴኮንድ 23,000 ጊዜ ያህል እየተንቀጠቀጠ ውሃ የበዛበትን ሥጋ የሚያፈርስና የሚመጥ መኪና ነው። በቀጭን የውሃ ግፊት የሚለይም አለ፤ በሙቀት ሥሩን አጣብቆ የሚዘጋም አለ፤ እንደ ወረቀት መስፊያ ሰፍቶ የሚቈርጥም አለ።

ከእነዚህ የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ ሐኪሞች በግምት ሳይሆን በፈተና መልስ ሰጥተዋል። በ2001 የቶኪዮ ሐኪሞች 132 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍለው መቈንጠጫውንና የሚንቀጠቀጠውን መኪና ቢያስተያዩ፥ በፈሰሰው ደምም ሆነ በጊዜው ልዩነት አላገኙም። በ2005 ደግሞ የዙሪክ ሐኪሞች 100 ሕሙማንን በአራት ዘዴ፥ ለእያንዳንዱ 25 አድርገው መደቡ። ተራው መቈንጠጫ ከሦስቱ መኪናዎች ይልቅ ፈጥኖ ጨረሰ፤ ደምም በጥቂቱ አፈሰሰ፤ ወጪውም አነሰ።

ነገር ግን ፍርድ እንዳናጓድል አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። በዙሪክ በመቈንጠጫ የተሠራላቸው ሕሙማን የደማቸው መግቢያ ተጨብጦ ነበር፤ የሌሎቹ ግን አልተጨበጠም። ስለዚህ ከምስጋናው እኵሌታው የፕሪንግል ነው ማለት ይቻላል። ደግሞም በሆድ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተከፍቶ በካሜራ በሚሠራበት ጊዜ የሐኪሙ ጣት ስለማይገባ፥ አዲሶቹ መሣሪያዎች እጅግ ይጠቅማሉ። በበሽታ የጠጠረ ጉበትም እንደ ለስላሳው በቀላሉ አይፈርስም፤ የማደግ ኀይሉም ያነሰ ነው።

እንግዲህ ለቤተ ሰብ የምንመክረው ይህ ነው። ሐኪሙን ስለ መሣሪያው ስም ከመጠየቅ በፊት፥ «ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ሠርተዋል? ከተቈረጠ በኋላ የሚቀረው ጉበት ምን ያህል ነው? ጤነኛስ ነውን? ደም ተዘጋጅቷልን?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ስለሚያደነዝዘው ሐኪምም ጠይቁ፤ በትልቁ የደም ሥር ያለውን ግፊት ዝቅ አድርጎ መያዙ ደም እንዳይበዛ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነውና። አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቍረጥ የሚለው የአባቶቻችን ምክር ለልብስ ሰፊ ብቻ የተነገረ አይደለም።

መሣሪያ ያለ ሠለጠነ እጅ ብረት ነው፤ የሠለጠነ እጅ ግን በተራ መቈንጠጫ ነፍስ ያድናል። ስለ ብረቱ ስም ብቻ ቤቱን ለመሸጥ የተነሣ ሰው፥ አስቀድሞ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ሰብስቦ ለበሽተኛው ደም ቢሰጡለት፥ በገንዘብ ከሚያደርግለት ብዙ ነገር የሚበልጥ ረድኤት አድርጎለታል።