ዲስኩን የሞላው ማን ነው?

«ሲስተም የለም!» የምትለዋን ነገር ሳይሰማ ያደገ የከተማ ልጅ ያለ አይመስለንም። ብር ልታወጡ ሄዳችሁ፣ ወረፋ ይዛችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስትጠጉ ልጅቷ ቀና ብላ እንኳ ሳታያችሁ ትላችኋለች። የእኛ የሁለታችን እንጀራ ደግሞ ከመስኮቱ ጀርባ፣ ያውም ከጀርባውም ጀርባ፣ አየር ማቀዝቀዣው ሲያጓራ በሚውልበት ክፍል ውስጥ ነው። ሰው መቼም ሲስተም ጠፋ ሲባል የሚገምተው ትልቅ ነገር ነው፤ መብራት፣ የተቆረጠ ፋይበር፣ ሀከር... ብዙ ጊዜም እውነት ነው። አንዳንዴ ግን ምክንያቱ ለመናገር የሚያሳፍር ይሆናል። ዲስኩ ሞልቷል። በቃ፣ ቁም ሳጥን እንደሚሞላው።

በእኛ ሰፈር ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። የናሳዋ ስፒሪት እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ማርስ ላይ ካረፈች ሦስት ሳምንት ሳይሞላት ድምጿን አጥፍታ ነበር። የፋይል ማስቀመጫዋ በፋይል ብዛት ተጨናንቆ ኖሯል፤ ራሷን ደጋግማ እያጠፋች ደጋግማ ትነሳለች። መሐንዲሶቹ ከምድር ሆነው የማያስፈልጉ ፋይሎችን ሰርዘው፣ ማስቀመጫውንም ፎርማት አድርገው አዳኗት፤ እስከ 2010 ድረስም ሠራች። እዚያ ድረስ ሄዶ ዲስክ ከሞላ እዚህ ቢሞላ ምን ይገርማል! የሚገርመው ከሞላ በኋላ የምናደርገው ነው፤ ጽሑፋችንም ስለዚያ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2008 ዓ.ም. ሁለታችንም ስሙን በማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት እንሠራ ነበር። የደንበኞች ሒሳብ የሚያዝበት ዳታቤዝ አለ። ዳታቤዙ የተቀመጠበት የዲስክ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን እንላለን) ሃምሳ ጊጋባይት ነበረች። ለወራት ስልሳ በመቶ ላይ ተኝታ የኖረች ፓርቲሽን በሰኔ መጨረሻ፣ ደሞዝ በሚገባበትና ወለድ በሚታሰብበት ሰሞን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘጠና ስድስት በመቶ ደረሰች። ምሽት ነው። ተረኛው ከተቀጠረ አራት ወር ያልሞላው ታናሽ ባልደረባችን ነበር። አለቃችን በስልክ አገኙት።

«አንድ ነገር አጥፋና ቦታ ስጥ።»

«እሺ ጋሼ። የቱን ላጥፋ?»

«ሎጎቹን ነዋ!»

በእኛ እምነት ያ ምሽት የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ልጁ ገና ኪቦርድ ሳይነካ። ፓርቲሽን በፍጥነት ሲሞላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ላጥፋ?» አይደለም። «ማን እየጻፈ ነው?» ነው። ቤታችሁ ውኃ ሲሞላ መጀመሪያ ቧንቧውን ታያላችሁ እንጂ ባልዲ ይዛችሁ መቅዳት አትጀምሩም።

ልጁ የታዘዘውን አደረገ። ሲፈልግ አሥራ አንድ ጊጋባይት የሆነ አንድ የሎግ ፋይል አገኘ። (ይህን ፋይል ያሳበጠው ፕሮግራመሮቹ ለሙከራ ብለው የከፈቱትና ሳይዘጉት የሄዱት የዝርዝር መዝገብ ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያስነጥሰውን ሁሉ ይጽፋል። ፕሮግራመሮች ሆይ፣ ይህን ከምንተው ማኪያቶ ብንተው ይሻላል።) ፋይሉን ሰረዘው። ከዚያ ዲኤፍ የሚባለውን ትዕዛዝ አስኬደ፤ ዲኤፍ ዲስኩን በሙሉ ስንት ተይዟል፣ ስንት ቀርቷል ብሎ የሚናገር ነው። አሁንም ዘጠና ስድስት በመቶ! ዲዩን አስኬደ፤ ይህኛው ደግሞ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየደመረ የሚናገር ነው። ዲዩ «አሥራ አንድ ጊጋባይት ቀንሷል» ይላል። ሁለቱ አልተስማሙም። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ብቻውን፣ ስልኩ እየጮኸበት።

ሊኑክስ ላይ ፋይል መሰረዝ ማለት የቤቱን ቁጥር ከበሩ ላይ መንቀል እንጂ ተከራዩን ማስወጣት አይደለም። ፋይሉን ከፍቶ የሚጽፍበት ፕሮግራም እስካለ ድረስ ቦታው የተያዘ ነው። ዲዩ በር በር እያየ ስለሚቆጥር ቁጥር የሌለውን ቤት አያየውም፤ ዲኤፍ ግን መሬቱን ነው የሚለካው። ለዚህ ኤልሶፍ የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ ተሰርዘው ያልተለቀቁ ፋይሎችንና የያዟቸውን ፕሮግራሞች ስም እየጠራ ያወጣል። ከዚያ ፕሮግራሙን አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ነው። ወይም ከመነሻው ፋይሉን ሳይሰርዙ ይዘቱን ባዶ ማድረግ። አሥራ አንዱ ጊጋባይት የልጁ ነበር፤ የቀረው ፕሮግራሙን አንድ ጊዜ ማስነሳት ነው። ይህን የነገረው ግን አልነበረም። እኛ እናውቅ ነበር፤ አልነገርነውም። ስላልጠየቀን ነው እንል ነበር፤ ለካ የሚጠየቅ ፊት አላሳየነውም።

ልጁም ሌላ የሚሰረዝ ፍለጋ ቀጠለ። በዳታቤዙ ፎልደር ውስጥ «ፒጂ ኤክስሎግ» የሚባል ንዑስ ፎልደር አገኘ፤ እያንዳንዳቸው አሥራ ስድስት ሜጋባይት በሆኑ ፋይሎች የታጨቀ፣ በድምሩ ከሃያ ጊጋባይት በላይ። ስሙ «ሎግ» ይላል። አለቃው «ሎጎቹን» ብለዋል። ሰረዘው። ዲኤፍም በመጨረሻ ፊቱን ፈታለት። ልጁ ለጥንቃቄ ብሎ ሰርቨሩን አጥፍቶ አስነሳው።

ዳታቤዙ አልተነሳም።

ያ ፎልደር ተራ ሎግ አልነበረም። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ማንኛውንም ለውጥ ወደ ዋናው ሠንጠረዥ ከማስገባቱ በፊት አስቀድሞ የሚጽፈው እዚያ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ማሽኑ ቢወድቅ፣ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው ይህንኑ ነው። ካጣው «ከየት ልጀምር?» ብሎ ይቆማል። በግድ የሚያስነሳ መሣሪያ አለ፣ ግን ውጤቱ የተዛባ መረጃ ሊሆን ስለሚችል በሰው ገንዘብ ላይ ማንም ሊደፍረው አልፈለገም። ወደ ባክአፕ ተሄደ። ባክአፑ ደግሞ የአራት ቀን ሆኖ ተገኘ! ለምን ብትሉ፣ በየሌሊቱ የሚወሰደው ቅጂ ወደ ሌላ ማሽን ከመሄዱ በፊት መጀመሪያ የሚጻፈው እዚያው እየሞላች በነበረችው ፓርቲሽን ላይ ነበር። ቦታ እያጣ ለአራት ሌሊት ከሽፏል። የክሽፈቱ ማስጠንቀቂያ የሚላከውም መሥሪያ ቤቱን ከለቀቀ ሰው የኢሜይል ሳጥን ውስጥ ነበር።

ሁለት ቀን ሙሉ «ሲስተም የለም» ተባለ። የሰኔ ደሞዛቸውን ሊያወጡ የመጡ ሰዎች ተመለሱ፤ አንዲት እናት ለልጃቸው መድኃኒት መግዣ ብለው ሲለምኑ ከውስጥ ሆነን ሰምተናል። የአራቱ ቀን ሒሳብ ከወረቀት ደረሰኝ ላይ በእጅ እየተለቀመ ገባ። ልጁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና የደሞዝ ቅጣት ደረሰው፤ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀ።

አሁን ወደምንናዘዘው እንምጣ። ያ ፎልደር ለምን ሃያ ጊጋባይት ሆነ? በጤናው ጊዜ አንድ ሁለት ጊጋ አካባቢ የሚቆም ነገር ነው፤ ያረጀውን ዳታቤዙ ራሱ ያጸዳዋል። ከሳምንት በፊት ከሁለታችን አንዱ (ማንኛችን እንደሆነ ለጊዜው ይለፈን) ሁለተኛ የቅጂ ሰርቨር ለሙከራ አቁሞ ነበር። ሙከራው አለቀ፣ ማሽኑ ተነቀለ። ዋናው ዳታቤዝ ላይ ግን ለዚያ ማሽን የተያዘው ቦታ፣ ሬፕሊኬሽን ስሎት የሚባለው፣ አልተሰረዘም። የስሎት ትርጉሙ «እንግዳዬ እስኪመጣ ምንም አትጣሉ» ነው። እንግዳው ላይመለስ ሄዷል፤ ዳታቤዙ ግን ቃሉን ጠብቆ ያጠራቅማል። በወር መጨረሻ ሥራው ሲበዛ መጠራቀሙም በዛ። ዲስኩን የሞላነው እኛ ነን። ይህን ልጁ ደብዳቤ ከመቀበሉ በፊት በነበረው ቀን ጠዋት ደርሰንበታል። በስብሰባው ላይ ግን አፋችንን ዘጋን።

እንግዲህ የዚህን ጽሑፍ ጠብ የምናነሳው እዚህ ላይ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ሲሞላ ሁለት ነገር ብቻ ይታወቃል፤ «ቦታ ጨምሩ» እና «ማን አጠፋው?»። ቦታ መጨመር አንዳንዴ ልክ ነው፤ እኩለ ሌሊት ላይ ለመተንፈሻ ይሆናል፣ እኛም እናደርገዋለን። ግን በሰዓት አንድ ጊጋ ለሚጽፍ ነገር መቶ ጊጋ ብትጨምሩለት ያተረፋችሁት አራት ቀን ነው። ክላውድ ላይ ከሆነ ደግሞ በዶላር! ማስጠንቀቂያችንም ያው ነው። «ዘጠና በመቶ ሲደርስ ንገረኝ» ብለን እንተኛለን። ሃምሳ ጊጋ ዘጠና በመቶ ሲሞላ አምስት ጊጋ ይቀራል፤ በቀን መቶ ሜጋ ለሚያድግ ዲስክ ሃምሳ ቀን ያህል ነው፣ በሰዓት አንድ ጊጋ ለሚያድግ አምስት ሰዓት። መቶኛው አንድ፣ ጭንቀቱ ሌላ። መለካት ያለበት ፍጥነቱ ነው፤ ትናንት ስንት ነበር፣ ዛሬ ስንት ነው፣ በዚህ አካሄድ መቼ ያልቃል? የዲዩን ውጤት በየቀኑ ለአንድ ሳምንት ያስቀመጠ ሰው ሌባውን ከነፎልደሩ ያገኘዋል።

አንዳንዴ ደግሞ ቦታ እያለ «ቦታ የለም» ይላል። ይህኛው የኢኖድ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፋይል አንድ የመዝገብ መስመር ይወስዳል። ኤክስቲ ፎር በሚባለው የፋይል ሥርዓት ዲስኩ ሲዘጋጅ፣ ካልቀየሩት በቀር፣ ለየአሥራ ስድስት ኪሎባይቱ አንድ መስመር ይመደባል፤ ሚሊዮን ጥቃቅን ፋይል የሚፈለፍል ድረ ገጽ ካላችሁ መጋዘኑ ባዶ ሆኖ መዝገቡ ያልቃል። ስለዚህ ዲኤፍ ስታደርጉ የኢኖዱንም ጠይቁት። ይህን በጨረፍታ ነው የምናልፈው፤ ያኔ ያቃጠለን ሌላ ነው።

ያቃጠለን «ማን አጠፋው?» የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የፖስትግሬስ ዐሥረኛው ቨርዥን ሲወጣ «ፒጂ ኤክስሎግ» የሚለው ስም ተቀይሮ «ፒጂ ዋል» ሆነ። ለምን ቢባል፣ ስሙ ውስጥ ሎግ የሚለውን ያዩ ሰዎች ተራ ሎግ መስሏቸው ስለሚሰርዙት። በዓለም ዙሪያ የእኛ ልጅ የሠራውን የሠሩ ብዙዎች ነበሩ ማለት ነው! እነዚያ መሐንዲሶች የተሳሳቱትን ሰዎች ደብዳቤ ሊጽፉባቸው አይችሉም፤ ቢችሉም የሚጠቅም አይደለም። የበሩን ጽሑፍ ቀየሩት። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ፣ በዐሥራ ሦስተኛው ቨርዥን፣ የተረሳ ስሎት ምን ያህል ሊያጠራቅም እንደሚችል ገደብ ማበጀት ተቻለ፤ ካላበጃችሁለት ግን አሁንም ገደብ የለውም፣ ዛሬውኑ እዩት።

እኛ ጋ ሦስት በሮች ተከፍተው ነበር፤ ያልተዘጋው የሙከራ ሎግ፣ ሰው የሌለበት የኢሜይል ሳጥን፣ የተረሳው ስሎት። ከሦስቱ አንዱንም ልጁ አልከፈተውም። መሥሪያ ቤቱ ልጁን ቀጣ፣ ሦስቱን በሮች ግን እንደተከፈቱ ተዋቸው። ከሰባት ወር በኋላ ያቺው ፓርቲሽን በሌላ ሎግ ሞላች፤ ተረኛው ሌላ አዲስ ልጅ ነበር።

ባለፈው ክረምት ልጁን (አሁንማ ልጅ አይደለም፣ የትልቅ ቡድን ኃላፊ ሆኗል) ቦሌ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ አገኘነው። ሰላምታው ሳያልቅ ሳቀና፣ «እናንተ፣ ያ ፎልደር ግን ለምን ያን ያህል እንዳበጠ ደረሳችሁበት?» አለን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይዞት ኖሯል። ተያየን። ከሁለታችን ያ የሠራው ነገረው።

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ አማሰለ። ከዚያ፣ «ስሎት ነው በላ! እኔ እኮ በየሄድኩበት መጀመሪያ የማየው ኤልሶፍን ነው» አለ፤ ቀጥሎም ቦርሳውን አነሳ። ሒሳብ ልንከፍል ስንል እጃችንን ያዘን፣ ግን ቀና ብሎ አላየንም።