ሽሮ ቅጣት፣ ለስላሳ ሽልማት?

ባለፈው ወር አንድ ዓርብ ማታ ለእራት ቤት ስገባ ሽሮ፣ ጎመንና ምስር ቀርቧል። የስምንት ዓመቱ ልጄ ትሪውን አየና «አባዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን የምሩን ነበር።

እራቴን በልቼ ወደ ሃርትስፊልድ ጃክሰን ተመለስኩና ተራዬን ስጠብቅ ነገሩን ሳሰላስል አመሸሁ። ልጁ አልተሳሳተም። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ታክሲ ስነዳ ስለማላየው፣ የካሣ ያህል ድንች ጥብስና ለስላሳ ይዤለት እገባለሁ። ጥሩ ውጤት ሲያመጣ ፒዛ፣ ሲያለቅስ ከረሜላ ይሰጠዋል። ሽሮ የሚቀርበው ጾም ሲሆን ወይም ገንዘብ ሲያጥር ነው፤ ያን ጊዜም «ዛሬን እንግዲህ በሽሮ እንለፈው» እያልን የምናማርረው እኛው ነን። አገር ቤት በሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው፣ ለገዛ ልጄ ያስተማርኩት ይህንን ነው።

ነገሩን ለወዳጆቼ ሳነሳ ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንዱ «እኛ ተርበን አድገናል፣ እነሱ እንኳ ይጥገቡ» ይላል። ሌላው «ልጆቻችንን ያበላሸች አሜሪካ ናት» ይላል። ሁለቱንም አልቀበልም።

ወገኖቼ፣ መጥገብና መመገብ አንድ አይደሉም። አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 39 ግራም ስኳር አለው፤ አሥር የሻይ ማንኪያ ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር፣ ከሁለት ዓመት በላይ የሆነ ልጅ በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከ25 ግራም በታች እንዲሆን አሳስቧል። በየልደቱና በየክርስትናው አንድ ሕፃን ስንት ጣሳ እንደሚጨርስ እናንተው ቁጠሩት። ከረሃብ ያመለጠ ሰው ልጁን ለጥርስ መበስበስ፣ ለውፍረትና ለስኳር በሽታ ማጨት አለበት?

አሜሪካን ለሚወቅሱት ደግሞ፦ እውነት ነው፣ ኮካ ኮላ እ.ኤ.አ. በ1886 የተቀመመው እዚሁ አትላንታ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የት/ቤት ምሳ ሕግ በስሙ የሚጠራው ሴናተር ሪቻርድ ራስልም የጆርጂያ ሰው ነበር። በዚህ ፕሮግራም መሠረት ለምሳ አምስት ነገሮች ይቀርባሉ፤ ፍራፍሬ፣ አትክልት፣ እህል፣ ሥጋ ወይም ምትኩ፣ እና ወተት። ምርጫው ለልጁ በተተወበት ት/ቤት ቢያንስ ሦስቱን ማንሳት አለበት፤ ከሦስቱም አንዱ ፍራፍሬ ወይም አትክልት መሆን አለበት። ሕጉ ግን ያስነሳዋል እንጂ አያስውጠውም። በዚያ ሰልፍ ላይ እናትም አባትም የሉም። ቤቱ ያልለመደውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይከተዋል።

ቤታችን ደግሞ ድሃ አይደለም። ጤፍ ብረትና አሠር አለው፤ ሊጡ ሲቦካ ብረቱን አስሮ የሚይዘው ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ምስርና እንጀራ አንዱ የጎደለውን ፕሮቲን ሌላው ያሟላል። ጥቂት ሎሚ ወይም ቃሪያ ሲጨመር ሰውነት ብረቱን በቀላሉ ይወስዳል። እርግጥ የእኛም ጉድለት አለ፤ ወጡ ዘይት ይበዛዋል፣ እንጀራውን በነጭ ዱቄት እናበዛዋለን፣ ፍራፍሬ ከገበታችን ይጠፋል። ይህንንም ማረም የኛ ፈንታ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ምግብን ሽልማትም ቅጣትም ማድረግ እንተው። ሁለተኛ፣ ልጁን ገበያ ይዘን እንሂድ፤ ራሱ ይምረጥ፣ ራሱ ይጠብ፣ ራሱ ያቅርብ። ሦስተኛ፣ «ካልጨረስክ አትነሳም» ማለት ይቅር፤ ጉርሻ የፍቅር እንጂ የግዳጅ አይደለም። ዛሬ ያልወደደውን ሌላ ቀን መልሰን እናቅርብለት። ከሁሉም በላይ፣ እኛው ፊቱ ደስ ብሎን እንብላ።

እኔ ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ዕለት ልጄን ዲካተር ወዳለው ዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት ወሰድኩት። የደቡብ ሰዎች ኮላርድ የሚሉትን፣ እኛ ጎመን የምንሠራበትን ቅጠል አሳየሁት። «ጓደኛዬም አያቷ ቤት ይህን ትበላለች» አለና አንድ እስር አነሳ። ማታ ግማሹን ተወው። ግን «ምን አጠፋሁ?» አላለም።